ካንሰር መሳዮቹ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመካኒሳ ጎረቤቶቼ ሥራዬ ምን እንደነበር ሊገባቸው አልቻለም። ሐኪም ነበርኩ ስላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ወዲያው ክንዳቸውን ዘርግተው የደም ግፊታቸውን እንድለካ ይጠይቁኛል። የደም ግፊት መለኪያ ከያዝኩ ዘመን የለውም ስላቸው በጥርጣሬ ያዩኛል። ፓቶሎጂስት ነበርኩ ብዬ ስጨምርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ እድር ላይ ያለን ሴትዮ ሥራው ምን እንደሆነ ከልጇ ጠይቃ ተረድታ ኖሮ፣ "ውይ በሞትኩት! ሬሳ ስትቆራርጪ ነው የኖርሽው?" ብላ ካቀረብኩላት ዳቦ ላይ እጇን አነሳች።

ሬሳ አልነካሁም አልልም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን በሕይወት ካሉ ሰዎች ገላ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ሥጋ በማየት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከእብጠቱ ላይ ትንሽ ቆርጦ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ነክሮ ይልክልናል። እኛ ሰም እናስመጥጠውና ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስተን እንቆርጠዋለን፤ ቀለም አጠጥተን፣ ብርጭቆ የምንላት ስስ የመስታወት ቁራጭ ላይ ለጥፈን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። ከዚያ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብለን እንጽፋለን። በሽተኛው እኛን አያየንም፣ እኛም እሱን አናየውም። የአንዲት ሴት ጡት ይቆረጥ ወይስ በሰላም ወደ ቤቷ ትሂድ የሚለው ነገር ግን የሚወሰነው እዚያች ብርጭቆ ላይ ነው።

አሁን ያሉት ወጣቶች እኛ ያላየነው መሣሪያ አላቸው፤ ሲቸግራቸው ያዩትን ፎቶ አንስተው በስልክ ይልኩልኛል። "ዶክተር ውቢት፣ ይሄ ምን ይመስልዎታል?" ይሉኛል። እኔም ፎቶውን በደንብ ሳላየው፣ "ሰውየው ምን መትቶት ነበር? ወጌሻ አሽቶታል ወይ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይስቁብኛል። እነሱ ቢስቁም እኔ መጠየቄን አልተውኩም፤ ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ ዶክተር ንጋቱ ናቸው፤ እሳቸውም በነጻ አልተማሩትም።

ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ጊዜው የደርግ ነው። ትልቅ ሆስፒታል እመደባለሁ ብዬ ስጠብቅ የተሰጠኝ በንፋስ ስልክ በኩል ከባለቤቱ የተወረሰ ቪላ ነበር። ቪላው ላቦራቶሪ ሆኗል። ከየሆስፒታሉ የመጣው ሥጋ የሚከፈተው ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ እምነ በረድ ላይ ነው። ብርጭቆው የሚታጠበው የቀድሞዋ እመቤት ትታጠብበት በነበረው ገንዳ ውስጥ ነው። ማይክሮስኮፖቹ የተቀመጡት መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ የኮክ ዛፍ ካለበት ግቢ ፊት ለፊት ነው። ሳሎኑ ደግሞ የውይይት ክበብ ነበር። በየሳምንቱ ካድሬ መጥቶ ያስተምረናል፤ ታዲያ ገና ሁለት ገጽ ሳያነብ የፎርማሊኑ ሽታ ዓይኑን ያስለቅሰዋል። ስብሰባችን ከሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ቶሎ ይበተን ነበር። ፎርማሊን ሳንባዬን ጎድቶት ይሆናል፣ ለዚህ ውለታው ግን አመሰግነዋለሁ።

ደሞዙ ያው የመንግሥት ደሞዝ ነው፤ ለእናት አገር ጥሪ የሚቆረጠው ተቆርጦ የቀረው ይበቃን ነበር። ወረቀቱ ብዙ ነበር፣ ስለ እሱ ማውራት አያሻም።

ሥጋውን የሚቆርጡልን ጋሼ በዳኔ ይባላሉ። በዚያን ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ስለት አልነበረም፤ ትልቁን ቢላዋ ልክ እንደ ፀጉር አስተካካይ ቆዳ ላይ ይስሉታል። ከባለቤታቸው ጋር የተጣሉ ዕለት ቁራጩ ሁሉ ይጨማደዳል። እኔም ብርጭቆውን አይቼ፣ "ጋሼ በዳኔ፣ ዛሬ ቤት ምን ሆናችሁ?" ስላቸው፣ "አንቺ ዶክተር ነሽ ጠንቋይ?" ይሉኝና ሌላ ይቆርጡልኛል።

ዶክተር ንጋቱ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት አንድ አረንጓዴ ሹራብ የማያወልቁ ሰው። ብርጭቆ ሲቀርብላቸው ማይክሮስኮፕ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው በዓይናቸው ያዩታል። ከዚያ በትንሹ ሌንስ ዳሩን ይዞራሉ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የለመድኩት ወዲያው ትልቁን ሌንስ አውርዶ መሃሉን ማየት ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዙኝ።

"ከዳር ጀምሪ ውቢት።"

"ሴሎቹ የሚታዩት መሃል ላይ አይደለም እንዴ ዶክተር?"

"መሃል ላይማ ሁሉም ሰካራም ነው። ጨዋ ይሁን ዱርዬ የምታውቂው በር ላይ ነው።"

ነገሩ ከከበዳቸው ብርጭቆውን አስቀምጠው ባልዲ ይዘው ይወጡና የኮክ ዛፏን ያጠጣሉ። በክረምት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ባልዲ ይዘው ሲወጡ ካየን ጋሼ በዳኔ "ኧረ ዛሬ ከባድ ነው" ይላሉ። ያች ዛፍ ብዙ ውሃ ጠጥታለች፤ ኮኳም ጣፋጭ ነበር።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው እኛ "ካንሰር መሳዮች" የምንላቸው ነገሮች ናቸው። ሰውነት ሲቆስል ራሱን ለመጠገን ይጣደፋል። ሴሎቹ ይባዛሉ፣ መጠናቸው ይለያያል፣ መልካቸው ይጠፋል። ያን ጊዜ የታየ እንደሆነ ካንሰር ነው ብሎ ለመማል ምንም አይቀርም። ከላፍቶ ወተት እያመጣች የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ላሟ ጡቷን በቀንድ ወግታት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ድንጋይ የመሰለ እብጠት ወጣባት። ቆዳዋም ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። ቀዶ ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን አልተጠራጠረም፣ እኔም ብርጭቆውን ሳላይ አልተጠራጠርኩም። ስናየው የሞተ ስብ ነው፤ ሴሎቹ የሞተውን ስብ እየበሉ እንደ ሳሙና አረፋ ተነፍተዋል። ሌላው ደግሞ እሳት ያቃጠለው አሮጌ ቁስል ነው። ለዓመታት አልድን ሲል የዳሩ ቆዳ ቁስሉን ለመዝጋት እየታገለ ወደ ታች ይገባል፤ በብርጭቆ ሲታይ የሚወርር ካንሰር ይመስላል። እንዲህ ያለውን ለይቶ "ሂጂ፣ ጤነኛ ነሽ" ብሎ እንደመጻፍ በሥራዬ ውስጥ ደስ ያለኝ ነገር የለም። ካንሰርን ማግኘት ሥራ ነው፤ አለመሆኑን ማግኘት ግን ለእኔ በዓል ነበር።

ሁልጊዜ ግን በዓል አልነበረም።

እኔ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ተሾመ የሚባል የጭነት መኪና ረዳት ጭኑ አብጦ ሆስፒታል ተኛ። ከእብጠቱ መሃል ቁራጭ ተልኮ ዶክተር ንጋቱ አዩት። ሴሎቹ የተሳከሩ፣ እየተባዙ ያሉ፣ በመካከላቸው ጥሬ፣ ገና ያልጠነከረ አጥንት የሚሠሩ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ "ምንም ሳይመታው በራሱ ያበጠ" ይላል። የአጥንት ካንሰር ብለው ጻፉ። ማንም ቢያየው እንደዚያው ይጽፍ ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ሆኜ አይቻለሁ። እግሩ ተቆረጠ።

የተቆረጠው እግር እንደ ደንቡ ለምርመራ ወደ እኛ መጣ። ዶክተር ንጋቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ እብጠቱን በመጋዝ ሁለት ከፈሉት። ከዚያ መጋዙን አስቀመጡ። ቀርቤ ሳይ የእብጠቱ ዙሪያ እንደ እንቁላል ቅርፊት ባማረና በበሰለ አጥንት ተከቧል። ካንሰር እንዲህ አያደርግም። ካንሰር ቢሆን ዱርዬው ዳር ላይ ሆኖ ጎረቤቱን ሲያጠቃ ነበር የምናገኘው፤ እዚህ ግን ዳሩ ጨዋ፣ መሃሉ ብቻ የሰከረ ነው። የተመታ ጡንቻ ሲድን አንዳንዴ ግራ ተጋብቶ ውስጡ አጥንት ይሠራል፤ ያ ነው። በራሱ ጊዜ ይበስልና ይቆማል፣ ማንንም አይገድልም።

የዚያን ቀን ባልዲውን አላነሱም። ሹራባቸውን እንደለበሱ ውይይት የሚባለውን የጋራ ታክሲ ተሳፈርን፣ ሆስፒታል ገባን፣ ተሾመ አልጋ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

"ከማበጡ በፊት ጭንህን የነካህ ነገር ነበር?" አሉት።

"ጆንያ ወድቆብኝ ነበር ጋሼ። ከመኪና ላይ።"

"ከዚያስ?"

ተሾመ ነርሷ አለመኖሯን ዞር ብሎ አየ። "ከዚያማ ወጌሻ አሸኝ። በየቀኑ ነው ያሸኝ፣ ጠንከር አድርጎ።"

"ለምን ለሐኪሙ አልተናገርክም?"

"ይቆጡኛላ! ወጌሻ ዘንድ ሄዶ የመጣ ሰው እዚህ ምን እንደሚባል አላየሁም? ምንም አልነካኝም አልኩ፣ ገላገለኝ።"

ዶክተር ንጋቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ተሾመ፣ እግርህ ይቆረጥ ያሰኘውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካንሰር ነው ብዬ ነበር። ካንሰር አልነበረም።"

"ካንሰር የለብኝም?"

"የለብህም። ያኔም አልነበረብህም።"

"አልሞትም ማለት ነው?"

"አትሞትም።"

ልጁ እጃቸውን ይዞ ደጋግሞ ሳመ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር! እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እኔ እኮ እናቴን ተሰናብቻት ነበር!" እያለ አለቀሰ። ዶክተር ንጋቱ እጃቸውን ማስለቀቅ አቃታቸው። በታክሲው ስንመለስ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አሉ። ሐዘናቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ተሾመ በኋላ ጎፋ ውስጥ ሬዲዮ መጠገን ተማረ። ዶክተር ንጋቱ አንዲት ደህና ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ ምንም ሳትሆን ስንት ጊዜ እንዳስጠገኗት እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ልማድ አመጡ። ጡንቻና አጥንት የነካ እብጠት ሲመጣ በሽተኛውን ራሳቸው ሄደው ሳያናግሩ ቃል አይጽፉም። ነጭ ካፖርት አይለብሱም፤ በሹራባቸው ሄደው፣ በርጩማ ስበው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ልጆቹ ያወራሉ። ወጌሻ የሚለውን ቃል የሚያነሱት እንደ ዘበት ነው፤ "እኔ ወገቤን ሲያመኝ እገሌ ናቸው የሚያሹኝ" ብለው ይጀምራሉ። ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም። ሰዎች ግን ይነግሯቸዋል። ሌሎቹ ሐኪሞች ፓቶሎጂስት ከበሽተኛ ጋር ምን አገናኘው እያሉ ያሙን ነበር።

ኋላ ዶክተር ንጋቱ ለቁስለኞች ሕክምና ወደ ሰሜን ተላኩና ቪላው ውስጥ ብቸኛዋ ፓቶሎጂስት እኔ ሆንኩ። ታደለች ከምትባል ልጅ ክንድ የተወሰደው ቁራጭ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ታደለች የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ ገና ወጣት። ቀኝ ክንዷ ከክርኗ በላይ አብጧል። ወረቀቱ ላይ "ምንም ሳይነካት በራሱ ያበጠ" ይላል። ከላይ እስከ ታች የተሾመን ነገር የማየው መሰለኝ፤ የሰከሩ ሴሎች፣ ጥሬ አጥንት። ዳሩን ልይ ብል ቁራጩ ዳር የለውም፤ ከመሃል የተወሰደ ነው። ጋሼ በዳኔን ደጋግመው እንዲቆርጡ ለመንኳቸው። ሰሙ ሊያልቅ ሲል በአንዷ ጥግ ላይ አጥንቱ ሥርዓት ይዞ መደርደር ሲጀምር አየሁ። ሴሎቹም በብዛት እየተባዙ ቢሆንም አንዱ ለሁለት ሲከፈል አከፋፈሉ ሥርዓት ነበረው። ግን አንድ ጥግ ምን ያህል ያስተማምናል? እውነተኛ ካንሰርም አንዳንዴ እንዲህ ያታልላል።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር መኩሪያ ነበሩ፤ ጎበዝ፣ ቸኩለው የሚናገሩ ሰው። ስልክ ደወልኩላቸው።

"ሰኞ ከትከሻዋ እቆርጣለሁ" አሉኝ። "ቃልሽን ብቻ ነው የምጠብቀው።"

"ቃል የለኝም ዶክተር። ካንሰር መሳይ ሊሆን ይችላል። ተመትታ ነበር?"

"ጠይቄያታለሁ። ምንም አልነካኝም ብላለች።"

"እኔ ልጠይቃት?"

"ጠይቂያት። ሰኞ ግን ሰኞ ነው። ካንሰር ከሆነና ሳንባዋ ከገባ አንቺም እኔም አንመልሳትም።"

እውነታቸውን ነበር። ብቆይ ልጅቷን ልገድላት እችላለሁ፤ ብፈጥን ክንዷን በከንቱ አስቆርጣለሁ። ለስፌት ሠራተኛ ቀኝ ክንድ ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የኮኩን ዛፍ አጠጣሁ፤ ምንም አልጠቀመኝም።

ቅዳሜ በእግሬ ወደ ጎፋ ሄድኩ፤ ታደለች እስከ ሰኞ ቤቷ ነበረች። አንዲት ሱቅ ላይ ቆሜ የታደለችን ቤት ብጠይቅ ባለሱቋ፣ "የአቶ ዳናን ልጅ ነው? የወጌሻውን?" አለችኝ።

"ወጌሻ ናቸው?"

"ኧረ በምድር የታወቁ! ምንሽን ነው የሚያምሽ? ወለምታ ነው?"

አቶ ዳና ከወላይታ የመጡ፣ ሽበት ያጨበጨበባቸው ሰው ናቸው። ስገባ አንድ ሰውዬ ቁርጭምጭሚቱን ዘርግቶላቸው ቅቤ በተቀባ እጃቸው ያሹታል። እጃቸው ሰፊ ነው፤ አውራ ጣታቸው ሲያልፍ ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ይንሰፈሰፋል። ሌሎችም አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ታደለች ጥግ ላይ ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ አስራ ተቀምጣለች። ማን እንደሆንኩ ስናገር አቶ ዳና ማሸታቸውን አቆሙ።

"ሐኪም ቤት ወደ ሰው ቤት መጥቶ አያውቅም" አሉ አቶ ዳና። "ከቀበሌ ነሽ?"

"አይደለሁም አባባ። ከክንዷ የተቆረጠውን ያየሁት እኔ ነኝ።" ወደ ታደለች ዞርኩ። "ታደለች፣ ክንድሽን ምን መታሽ?"

"ምንም አልመታኝም።"

"አባትሽስ አላሹሽም?"

"አልነኳትም" አሉ አቶ ዳና ቶሎ ብለው። እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ።

እኔ የዶክተር ንጋቱ ዘዴ የለኝም፤ ስለ ወገብ መዋሸት አልችልበትም። ስለዚህ ሰዎቹ እየሰሙ የተሾመን ነገር ነገርኳቸው። እግሩ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ለምን እንደዋሸ፣ ካንሰር አለመሆኑ እንዴት ዘግይቶ እንደታወቀ። "ሰኞ ክንድሽ ይቆረጣል" አልኳት። "ምናልባት መቆረጡ ያስፈልግ ይሆናል። ምናልባት ግን በከንቱ ነው። አንቺ እውነቱን ካልነገርሽኝ ላስቆመው አልችልም።"

አቶ ዳና ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ውጭ እንዲቆዩ ለመኗቸው። በሩ ተዘጋ።

"ግንብ ስዘል ወደቅኩ" አለች ታደለች።

"የምን ግንብ?"

አባቷን አየች። እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ፕሮቴስታንቶች ጴንጤ እየተባሉ የሚሳደዱበት ዘመን ነው። እነ ታደለች ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የአብዮት ጥበቃዎች በሩን ደበደቡ፤ እነሱም በጓሮ ግንብ ዘለሉ፤ ክንዷ በድንጋይ ላይ አረፈ። እንግዲህ ለሐኪም ወደቅኩ ብትል የት ነው የወደቅሽው ይመጣል።

"የሰዎቹን ቤት አልነግርሽም" አለች። "ክንዴን ቁረጡት እንጂ።"

"ቤቱን አልፈልገውም የኔ እመቤት። ሕመሙ እየባሰሽ ነው እየተሻለሽ?"

"ሕመሙስ ቀንሷል። እብጠቱ ነው ድንጋይ የሆነው።"

ካንሰር ሲያድግ ሕመሙም አብሮ ያድጋል። ይህን ስሰማ ልቤ ትንሽ ተከፈተ። ግን አቶ ዳና ፊት ለፊቴ ነበሩ።

"በየማታው አሽቻታለሁ" አሉ። "ደሙ እንዲበተን ብዬ። ጠንከር አድርጌ። እጄ ነው እንግዲህ ያጠፋው?"

አይደለም ብዬ ላጽናናቸው ዳድቶኝ ነበር። "ግንቡ ነው አባባ። መታሸቱ ግን አብሶታል። እንዲህ የተመታ ጡንቻ እረፍት ነው የሚፈልገው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይነካው፣ እርስዎም ቢሆኑ።"

ተነሥተው ውሃ ቀዱና እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ቅቤው ከለቀቀ በኋላም መታጠቡን አልተዉም። ታደለች "አባ፣ ይበቃል" ስትላቸው ነው ያቆሙት።

ሰኞ ማለዳ ዶክተር መኩሪያ ቢሮ ገባሁ።

"ተመትታለች፣ ታሽታለችም" አልኳቸው። "ይጠብቁልኝ። ጥቂት ሳምንት። ከዚያ ራጅ ትነሣና ከዳሩ ጀምሮ እስከ መሃሉ አዲስ ቁራጭ ይስጡኝ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

ብዕራቸውን አነሱ። "መነሻው ምንድን ነው ብዬ ልጻፍ?"

"ልብስ ስታሰጣ ከግንብ ላይ ወደቀች ይበሉ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ልብስ ግንብ ላይ ይሰጣል እንዴ?"

"ጎፋ ይሰጣል ዶክተር።"

ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፣ ያልኩትን ጻፉ። ቸኩለው የሚናገሩ ሰው መቼ ዝም ማለት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ሁሌም አከብራቸዋለሁ።

እነዚያ ሳምንቶች አላለቁልኝም። ጋሼ በዳኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድመው ያነሱና፣ "ስለ ልጅቷ አይደለም፣ ተቀመጪ" ይሉኛል። መጨረሻ ላይ ዶክተር መኩሪያ ሳይደውሉ ራሳቸው መጡ። ራጁን ይዘው ወደ መኝታ ቤቱ ገብተው መስኮቱ ላይ ለጠፉት። እብጠቱ አላደገም፤ ዙሪያው በነጭ መስመር ተከቧል፣ ጥርት ባለ ቅርፊት። አዲሱን ቁራጭ ጋሼ በዳኔ አንድም ጭምዳዳ ሳይኖርበት ቆረጡልኝ። ከዳር ጀመርኩ። ዳሩ የበሰለ አጥንት ነው። ወደ ውስጥ ስገባ ጥሬው፣ ከዚያም ሰካራሞቹ፣ እነሱም እየተረጋጉ ነበር። ካንሰር አይደለም ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር ንጋቱ ከሰሜን ሲመለሱ ከስተው፣ ጠቁረው ነበር። ብርጭቆውን አቀረብኩላቸው። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት፣ ዳሩን ዞሩ፣ ከዚያ መሃሉን ሳያዩ ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። "ልጅቷ ምን ትሠራለች?" ብለው ጠየቁኝ። ወደ ስፌቷ ተመልሳለች አልኳቸው። ሹራባቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ሌላ ብርጭቆ እንዳመጣላቸው ነገሩኝ።

ታደለች እሁድ ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ጠራችኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የሄድኩት ለምሳ መስሎኝ ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ጥቂት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍተዋል፤ ሬዲዮው የሠራዊት ማርሽ ይጮሃል፣ እነሱ ከሥሩ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ልውጣ ብል በሩን መክፈቱ ለእነሱ አደጋ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ ጥግ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። የታደለች ግራ እጅ ቶሎ ወጣ። ቀኙ ቀስ ብሎ ተከተለው፤ ክርኗ ላይ ሲደርስ ያዝ አደረገው፣ እንደገና ተነሣ፣ ከግራው ዝቅ ብሎ ቆመ። ዓይኑን ያልጨፈነ ሰው ከእኔ ሌላ አንድ ብቻ ነበር። አቶ ዳና ሰፊ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከንፈራቸው ዝማሬውን እያለ፣ የልጃቸውን ክንድ ያዩ ነበር።